ዕቃ የሰጠዎት ሰው አለ?

አንተስ፣ «እባክህ ይቺን ለእናቴ አድርስልኝ» ያለህን ሰው እምቢ ብለህ ታውቃለህ? አታውቅም። ከአዲስ አበባ በርበሬ፣ ከዱባይ ስልክ፣ ከጁባ ማር ተሸክመህ ተሻግረሃል። ያልከፈትከውን ካርቶን፣ ውስጡን ያላየኸውን ፌስታል፣ «ልብስ ነው» ስላሉህ ብቻ ልብስ ነው ብለህ ከራስህ ሸሚዝ ጎን አስተኝተኸዋል። ፍተሻው ጋ ደርሰህ «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?» ሲሉህስ ምን አልክ? ዋሸህ። እኔው ነኝ ያዘጋጀሁት፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም አልክ። ጠያቂው እንደምትዋሽ ያውቃል፤ አንተም እንደሚያውቅ ታውቃለህ፤ ይህንን ነው እንግዲህ የበረራ ደህንነት ብለው ስም ያወጡለት። ውሸትህን አቀብለህ መቀመጫህን ትቀበላለህ። አሁን የምነግርህ ግን ስላልዋሸች ሴት ነው።

ሮማነወርቅ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ አራት ጠረጴዛ የሚይዝ ምግብ ቤት አላት። የምትተኛው ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መጋል ይጀምራል፣ ረፈድ ሲል ክፍሏ ውስጥ መቆየት ቅጣት ነው። ያን ቅዳሜ ግን ከአልጋው ጫፍ አልተነሳችም። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ እሷም አጠገቡ። ልጇ ሄቨን በማግስቱ እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ ከአክስቷ ከየኔነሽ ቤት በሙሽራ ልብስ ትወጣለች። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። አባቷ በሕይወት የለም። የእናቷ ጉልበት ጁባ ነው ያለው። በቀን አንድ በረራ ነው፤ የቅዳሜው ካለፈ የእሑዱ የሚደርሰው ሙሽሮቹ ወጥተው፣ የሚሳመው ጉልበት ሁሉ ተስሞ ካለቀ በኋላ ነው። «ለምን ቀደም ብላ አልሄደችም?» የሚል ብልህ አይጠፋም። የመኖሪያ ፈቃዷ ታድሶ የወጣላት ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ያለ እሱ ብትወጣ መመለሻ የላትም። ሁለት ጊዜ ተዘርፋ ሁለት ጊዜ ከባዶ የጀመረች ሴት መመለሻዋን በዋዛ አትጥልም።

ሻንጣው ውስጥ ከአገር ልብሷ ሥር የተደረደረው ጫማ ነበር። ሄቨንን ለእህቷ ለየኔነሽ ሰጥታ ወደ ጁባ ስትመጣ ልጅቷ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ተተኪው ገና አልበቀለም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየቻት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለገዛ እናቷ ልቅሶ የሄደች ጊዜ ነው። ያኔም ልጅቷ ከየኔነሽ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ፣ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?» ስትል ጠየቀች፤ ጮክ ብላ ነው የጠየቀችው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቷል። ሮማነወርቅ አልተቀየመችም። ጁባ ተመልሳ ግን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ እየወረደች ጫማ መግዛት ጀመረች። ቁጥሩ በግምት ነው። መንገድ ላይ በእድሜ የምትመስላትን ልጅ እግር አይታ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትገዛለች። አንዱንም አልላከችም። የሰው ዕቃ ስታደርስ የኖረች ሴት የራሷን በሰው እጅ መላክ አቃታት፤ «ራሴ ነኝ የማጠልቅላት» እያለች ከአልጋው ሥር ስትደረድረው ኖረች። የመጨረሻው፣ ነጩ ባለ ተረከዝ፣ ለነገ ነው። ይሁናት አይሁናት አታውቅም። ልጅቷን በስልክ መጠየቅ ትችል ነበር፤ የልጅን የእግር ቁጥር በስልክ መጠየቅ ግን ለእናት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ብቻ ያውቀዋል።

ጁባ ውስጥ መንገደኛ ሲገኝ ወሬው ከመንገደኛው ቀድሞ ይሮጣል። ከጠዋት ጀምሮ በሩ ተንኳኳ። አንዱ የአባቱን መነጽር፣ አንዷ የሕፃን ልብስ፣ ሌላው «ቀላል ናት፣ ቀላል ናት» እያለ የመኪና ብረት በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሮማነወርቅ ዘንድሮ ጨከነች። «ኪሎው ሞልቷል፣ አትቀየሙኝ» እያለች ሁሉንም መለሰች። ሉባባን ግን መመለስ አልቻለችም። ሉባባ ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ ስኳርና ዱቄት በጅምላ የምትሸጥ የጅማ ልጅ ናት፤ ከተማው በተኩስ በታመሰበት ሰሞን ሁለቱ አንድ ፍራሽ ላያቸው ላይ ደርበው፣ አንዷ «ያ አላህ»፣ አንዷ «እመብርሃን» እያሉ ተርፈዋል። ይዛ የመጣችው ዙሪያውን በቡናማ ፕላስተር የተጠቀለለ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ሉሉ ነው፣ የአገሩ ሴቶች ከዛፍ ፍሬ የሚያወጡት ቅባት፤ አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ወገባቸውን ሲያማቸው ከዚህ ሌላ የሚሽራቸው የለም።

«እንዳይፈስብኝ ብቻ» አለች ሮማነወርቅ።

«ወላሂ አይፈስም! ፕላስተሩን እኔው ነኝ ያዞርኩት። ፈትቶ የሚሰርቀው ሌባ ከተገኘ ይውሰደው፣ ላቡ ነው።»

ተሳሳቁ። ሮማነወርቅ ዕቃውን ከጫማዎቹ መሃል አስገባች። አልከፈተችውም። የሰው አደራ አይከፈትም፤ ይህንን ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አያስተምረውም።

ወደ ኤርፖርት የወሰዳት ታናሽ ወንድሟ በዕውቀቱ ነው። የጀነሬተር መለዋወጫ ይሸጣል፤ መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሄቨንን በሕፃንነቷ በትከሻው ያዞራት ነበር፤ ሠርጉ ላይ እንዲገኝ ፈልጎም ነበር፣ ግን ምግብ ቤቱን ለመጠበቅ ከሁለት አንዱ መቅረት ነበረበት። ይህንን ሳይነጋገሩ ነው የወሰኑት፣ ሳይነጋገሩም ነው የሚሄዱት። ካቶር የሚባለውን ሰፈር አልፈው፣ አቧራው መንገድ ላይ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎች ግራ ቀኝ እየተሹለከለኩባቸው ኤርፖርቱ አጠገብ ሲደርሱ ነው የተናገረው።

«ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

«ምን ብለው?»

«በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ሲጠይቁሽ ‹የስ› በይ። ቀጥለው ሲጠይቁሽ ‹ኖ› በይ። ትርጉሙ አያስፈልግሽም። ‹የስ›፣ ‹ኖ›፣ አለቀ።»

«የስ፣ ኖ።»

«እንደሱ። ሄቨንን ሳሚልኝ።» ይህንን ያለው ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ነው።

ውስጥ ሙቀቱ ከውጭ ይብሳል። ሰው ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ይሰለፋል። በጎን በር ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲገባ ጫማ አውልቅ ያለው የለም፤ ሻንጣውም በማሽኑ ውስጥ አላለፈም። ፈንጂ የሚይዘው ድሃ ብቻ ነው ማለት ነው! ሰልፉ ላይ ከሮማነወርቅ ኋላ የቆመው አብይ ነው፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ይሠራል። ሁለት ሻንጣ ጎትቶ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«አንቺ እትዬ ሮማን፣ ያባረርሻቸው ሁሉ እኔ ላይ ጣሉብኝ እኮ! መነጽሩም አለ፣ ብረቱም አለ። የሕፃን ልብሱን ለብሼው ልግባ?»

«ይበልህ። እምቢ ማለት ተማር» ብላ ሳቀችበት።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ናት፤ ደረቷ ላይ ኛቦል የሚል ስም ተለጥፏል። ፓስፖርቱን ገልጣ አየችና ቀና አለች። «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች፣ በጠራ አማርኛ። ሮማነወርቅ ደነገጠች፤ ከዚያ ፊቷ ሁሉ በራ። «ጋምቤላ ነው ያደግኩት» አለች ኛቦል። «አስተማሪዎቼ ሁሉ ደገኞች ነበሩ። ወዴት ነው?» ሮማነወርቅ ስለ ሄቨን ነገረቻት። ነገ ጠዋት እንደሆነ፣ ሙሽራው ነርስ እንደሆነ፣ ለኬክ ሳይሆን ለጉልበቷ እንደምትሄድ ነገረቻት። ኛቦል እየሳቀች የሥራዋን ጥያቄ ጠየቀች።

«ሻንጣውን ያዘጋጁት ራስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«ሰው የሰጠዎት ዕቃ አለ?»

«አዎ እንጂ፣ የሉባባ አለ።»

ይኸው ነው። ሌላ ጥፋት አልሠራችም። በእንግሊዝኛ ቢጠይቋት ወንድሟ እንዳስጠናት «ኖ» ብላ ታልፍ ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ጠጠር እንጂ ውሸት አይሆንባትም ነበር። «እናቴ» ብላ በአማርኛ ለጠየቀቻት ልጅ ግን እንዴት ይዋሻል? ኛቦልም ገብቷታል፤ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ዞር ብላ ያልሰማች መስላ ልታልፈው የፈለገች ይመስል ነበር። ግን ከኋላዋ የቆመው ሰው «አዎ» የሚለውን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ያውቀዋል። የኤርፖርቱ የጥበቃ ድርጅት የሺፍት ኃላፊ ነው፤ ሸሚዙን ላብ አልነካውም። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረና ሻንጣው ከሰልፉ ወጣ።

ሻንጣውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። ጫማዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ከልጅ ጫማ እስከ ነጩ ባለ ተረከዝ ድረስ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

«ለስንት ልጅ ነው?» አለች ኛቦል ቀስ ብላ።

«ለአንድ።»

ኛቦል ትንሹን ጫማ አነሳች፣ ትልቁን አየች። ስትመልሳቸው እንደ ቁመታቸው እየደረደረች ነው የመለሰችው። የሉባባ ዕቃ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ በፕላስተሩ ተጠቅልሎ፣ አስቀያሚ ሆኖ። በማሽኑ ስክሪን ላይ ድፍን ጥቁር ነገር ሆኖ ነው የታየው። ኃላፊው አልነካውም። ፈንጂ የሚያሸተው መሣሪያ ዕቃ የሚጠረግበት ወረቀቱ አልቋል። ውሻው የሚመጣው ሰኞ ነው። እንክፈተው ያለ የለም፣ እናሽትተው ያለ የለም፣ የሰጠችሽ ሴት ማናት፣ የት ትገኛለች ብሎ የጠየቀ የለም። ይህ ሁሉ ፍተሻ የሚሉት ነገር አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን መፍራት ሆነ።

«እናቴ፣ እዚህ ይተዉትና ይግቡ ይላል» አለች ኛቦል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሮማነወርቅን የምትቆጣት ከሆነ የምትቆጣት። በሩ ተከፍቶላታል፤ ዕቃውን ጥላ መግባት ትችላለች።

«ሳልጠይቃት?» አለች።

«ማንን?»

«ሉባባን። የሷ ነው እኮ። አንዴ ልደውልላት።»

ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። የዙህር ሰዓት ነው፤ ሉባባ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ምንጣፏን ዘርግታ እየሰገደች፣ ስልኳ ከስኳር ጆንያዎቹ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሮማነወርቅ ይህንን አውቃለች። «ሶላት ላይ ናት፣ አሁን ትጨርሳለች» አለች፣ ኃላፊው የሉባባን ሶላት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ይመስል። ከጎኗ አብይ በሌላው ጠረጴዛ ደርሷል። ሻንጣህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው? የስ። ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ? ኖ። ብረቱ በስክሪኑ ላይ እንደ ብረት ታየ። ያንተ ነው? የኔ ነው። አለፈ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሮማነወርቅን አየ፣ በዓይኑ «ምን ሆነሽ?» አላት፣ እሷም በእጇ «ሂድ፣ ሂድ» አለችው። አላጋለጠችውም። ለራሷ ያልዋሸችውን ለሰው ብላ ዝም አለች።

«እናቴ፣ በማርያም ይጣሉትና ይግቡ» አለች ኛቦል። ድምፅዋ ተለውጧል። «የሻንጣ መቀበያው ሊዘጋ ነው።»

«የኔ ቢሆን እስካሁን ጥዬው ነበር፣ ልጄ። የሰው ነው።»

ሉባባ ደወለች። «ምን ሆነሽ? በሰላም?» ሮማነወርቅ ነገረቻት። «ጣይው! አንቺ ሴትዮ፣ አሁኑኑ ጣይው! ስለ ቅባት ነው እንዴ የምትደውይልኝ? ጥለሽው ሩጪ!» ጮኸች። ሮማነወርቅ ዕቃውን ወደ ኛቦል ገፋች፣ ሻንጣዋን ዘጋች፣ ሮጠች። ሻንጣ መዝነው የመሳፈሪያ ወረቀት የሚሰጡት ሰዎች ጠረጴዛቸውን ለቀው ተነስተዋል። ሚዛኑ ጠፍቷል። አንዱ ሰውዬ በትህትና፣ በጣም በትህትና፣ «ማማ፣ ኸላስ» አላት፣ በቃ ማለት ነው። ትህትናው ነው የገደላት። ቢሰድባት ትጣላ ነበር።

ውጭ፣ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ሻይ ሻጯ የደረደረቻቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ሮማነወርቅ ሻንጣዋን ይዛ እዚያ ተቀመጠች። በዕውቀቱ ደውላለት ተመልሶ መጣ፤ ሻይ አዘዘላት፣ ለራሱም አዘዘ፣ ሁለቱም አልጠጡትም። አውሮፕላኑ ሲነሳ ድምፁ ወንበሮቹን አንቀጠቀጠ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። አውሮፕላኑ የአብይን መነጽርና የአብይን ብረት፣ የአብይንም ‹ኖ› ተሸክሞ ሄደ። የቀረችው እውነት የተናገረችው ብቻ ናት። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ አውሮፕላን የተሳፈሩት በምን ተጠበቁ?

ሉባባ በቦዳ ቦዳ ደረሰች። ሂጃቧ በነፋስ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ጫማዋ አንዱ ከአንዱ ሳይመሳሰል ነው የመጣችው። ዕቃውን ኛቦል በጠባቂ ልካላት ስለነበር ከሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ሉባባ ስታያት፣ ወንድም ሲሞት እንደሚታቀፉት ሮማነወርቅን አቀፈቻት፤ ከዚያ ዕቃውን አንስታ በሩ ላይ ወደቆሙት ጠባቂዎች ሄደች። ፕላስተሩን በጥርሷ ቀደደችው። ቅባቱን በእፍኟ ዘግና ክንዷን፣ አንገቷን፣ ግንባሯን ቀባች፤ በጣቷ ነክራ ቀመሰችውም። «ፈነዳ?» አለች። «ይኸው! ፈነዳ? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! አንተም ና ልቀባህ፣ ቆዳህ ደርቋል!» ጠባቂዎቹ ሳቁ። ሻይ ሻጯም ሳቀች። ሮማነወርቅ ብቻ አልሳቀችም።

«አትሳቂባቸው» አለ በዕውቀቱ። ንዴቱ አሁን ነው የመጣው። «እነሱ ትክክል ናቸው። የማያውቀውን ፈንጂ ተሸክሞ የሞተ ሰው አለ። ፍቅረኛዋ የሰጣትን ሻንጣ ይዛ የተያዘች አለች። እኔ ብሳፈር ከጎኔ ያለው ሰው ያላየውን ዕቃ እንዲይዝ አልፈልግም።»

«እኔን ፈንጂ ልትለኝ ነው?» አለች ሉባባ፣ ፊቷ በቅባት እያብለጨለጨ።

«አንቺን አላልኩም። ሥርዓት ነው ያልኩት።»

«ሥርዓት!» አለች ሮማነወርቅ። «ይፈትሹ። አትፈትሹኝ ያለ ማነው? ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሻንጣዬን ገለበጡት፣ ዝም አልኩ። ዕቃውን ግን አልፈተሹትም እኮ፣ በውቄ። ቢፈትሹትማ ቅባት መሆኑን ያዩት ነበር። ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ፈሩ። ፍተሻ ይሄ ነው?»

«ለምን እኔን አይጠሩኝም?» አለች ሉባባ። «ላኪዋ እኔ ነኝ፣ ሱቄ ይታወቃል። መታወቂያዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ፊታቸው እከፍተዋለሁ። የሰጠ ሰው ይምጣ ቢሉ ፈንጂ የሚልክ ሰው ይመጣል?»

«መቶ ሰው መቶ ላኪ ቢያስጠራ በረራው መቼ ሊነሳ ነው?» አለ በዕውቀቱ።

ኛቦል ሥራዋን ጨርሳ ወጥታ ነበር። መጥታ መቀመጥ እንደምትፈልግ ያስታውቃል፤ ሮማነወርቅ ወንበር ሳበችላት። «ድንበሩ ጋ፣ አኮቦ ሠርቻለሁ፣ ትንሿ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ» አለች ኛቦል። «ማሽን የለም። ፓይለቱ ራሱ ሻንጣውን ሁሉ መሬት ላይ ያሰልፋል። እያንዳንዱ ሰው ከዕቃው አጠገብ ይቆማል። ሰው የሰጠኝ አለ ካልክ እዚያው ትከፍተዋለህ፣ ያያል፣ ይነካል፣ ያሸታል። ባለቤት የሌለው ይቀራል። እዚያ የሚዋሽ ሰው አላየሁም። መዋሸት ምንም አይጠቅመውማ።»

«አምስት ሰው ስለሆነ ነው» አለ በዕውቀቱ። «እዚህ እንደዚያ ቢደረግ ማታ ነው የሚነሳው።»

«ማታ ይነሳ!» አለች እህቱ። «ማታ ተነስቶ ሌሊት ይግባ። እኔን ጠዋት ያድርሰኝ እንጂ እንደ ወደደ ይነሳ!»

በዕውቀቱ አንገቱን ደፋ። ሥርዓቱን ሳይሆን እህቱን ነው ያየው፣ ዘግይቶ። «የነገውን አስይዤልሻለሁ» አለ። «ማታ ትደርሻለሽ።»

«ማታ ምን አለ? ሳህን ማጠብ ነው።»

ስልኳ ጠራ። ሄቨን ናት። ከኋላዋ ድስት ሲንኳኳ፣ ሴቶች ሲዘፍኑ፣ የሆነ ሰው «ሽንኩርቱን ማን ወሰደው?» እያለ ሲጮህ ይሰማል። ሮማነወርቅ ያንን ጫጫታ ለመስማት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«እማ፣ ተነሳችሁ እንዴ? አክስቴ መኪና ይዛ ልትወጣ ነው።»

«አልተነሳሁም፣ ሄቨኔ። አስቀሩኝ። ነገ ማታ ነው የምደርሰው።»

ዘፈኑ ቀጠለ። ሉባባ ፊቷን አዞረች።

«የየኔነሽን ጉልበት ሳሚ» አለች ሮማነወርቅ በመጨረሻ። «እሷ ናት ያሳደገችሽ። ደስ ይላታል።»

«የእሷንማ ሁሌም እስማለሁ፣ እማ» አለች ሄቨን። «የነገው ያንቺ ነበር።»

ከዚያ ሰው ጠራትና ስልኩ ተዘጋ። ሮማነወርቅ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከቀሚስ ጀርባ ተደብቃ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?» ያለችው ልጅ የእናቷን ጉልበት ስትጠብቅ ኖራለች። ይህንን ያወቀችው ዛሬ ነው፣ ዛፍ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ።

የሺፍት ኃላፊው የወጣው ያኔ ነው። ሸሚዙ አሁንም ደረቅ ነው። መኪናው ሞተሩ ተነስቶ፣ ማቀዝቀዣው በርቶ ይጠብቀዋል። ሮማነወርቅ ተነሳች። በዕውቀቱ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ራሱ መልሶ ሰበሰበው። እሷም ሄዳ ከኃላፊውና ከመኪናው በር መካከል ቆመች። ተሸካሚዎቹ፣ የታክሲ ሹፌሮቹ፣ ሻይ ሻጯ፣ ሰው የሚጠብቁት ሁሉ ወሬ ሸትቷቸው ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ኛቦል፣ ልጄ፣ ተርጉሚልኝ። ሳትቀንሺ።»

«እናቴ፣ ሥራዬን...»

«አውቃለሁ። ካልሆነልሽ ተይው፣ በእጄም ቢሆን አስረዳዋለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ኛቦል ኃላፊዋን አየች፣ ሮማነወርቅን አየች፣ መጥታ ከሮማነወርቅ ጎን ቆመች።

«የለም ብዬ ብዋሽ ኖሮ ታስገባኝ ነበር ወይ? ይህንን ብቻ ጠይቂልኝ» አለች ሮማነወርቅ።

ኛቦል በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ከዚያ ማንም ሳያዛት በጁባ ዓረብኛ ደገመችው፣ ተሸካሚዎቹም ሹፌሮቹም እንዲሰሙ ጮክ አድርጋ። ከሰዉ መሃል «አይዋ! አዎ፣ ይመልስ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ «ማዳም» አለ፣ ስለ ደንብ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለኛቦል የሆነ ነገር ነገራት።

«ቢሮ እንነጋገር፣ እዚህ አይሆንም ይላል።»

«አልገባም» አለች ሮማነወርቅ። «እኔን የጠየቃችሁኝ ቢሮ አስገብታችሁ አይደለም። ሰው እያየ ጠየቃችሁኝ፣ ሰው እየሰማ እውነቱን መለስኩ። እሱም የኔን ጥያቄ እዚሁ ቆሞ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልስልኝ።»